ኳስ ማግቢያውን ስለ መምረጥ

መሣሪያ የሚመረጠው ሊሠራበት ለታሰበው ጕዳይ እንጂ ለመልኩ አለመሆኑን የማያውቅ አናጢም ገበሬም የለም። ነገር ግን ዕድሜአቸው ከዐሥራ አራት እስከ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሆነ ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው የእጅ ሥራ ክፍል ተሰብስበው ለውድድር የሚሆን ሮቦት ለመሥራት በተነሡ ጊዜ ይህ የታወቀ ነገር ወዲያው ይረሳል። ከግቡ ሥር ተጠግቶ ኳሱን የሚያፈስ መሣሪያና ኳሱን ከሩቅ አስፈንጥሮ ከፍ ካለው ግብ የሚያገባ መሣሪያ በሐሳብ ሲቀርቡላቸው የብዙዎቹ ልብ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል። ልጆች መሆናቸውን ስናስብ ይህ አያስደንቅም፤ የሚያስደንቀውስ አጠገባቸው የቆሙት መምህራንና መሐንዲሶች ልባቸው ከልጆቹ ልብ ጋራ አብሮ መሄዱ ነው። እኛም ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ይህ ምርጫ እንዴት ሊደረግ እንደሚገባ ያለንን አስተያየት ለመግለጽ ነው። ነገሩ ለተመልካች ትንሽ ቢመስልም፤ ወራት ሙሉ የደከሙበት ሥራ ፍሬ ማፍራቱና አለማፍራቱ፤ ይልቁንም ሥራው በእውነት የልጆቹ ሥራ መሆኑና አለመሆኑ የሚወሰነው በዚህ ምርጫ ነው።

ውድድሩን ለማያውቁ አንባቢዎቻችን በአጭሩ እናስረዳለን፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ዲን ኬመን የተባለው አሜሪካዊ የፈጠራ ሰው በ1989 ፈርስት የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ የመጀመሪያው ውድድርም በ1992 በኒው ሃምፕሺር ግዛት በማንቸስተር ከተማ በአንድ የትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ 28 ቡድኖች በተገኙበት ተደረገ። በዚህ ሥራ የረዳው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር የነበረው ዉዲ ፍላወርስ ነበር፤ እርሱም በ2019 እስኪያርፍ ድረስ ከውድድሩ አልተለየም። ፍላወርስ ለተማሪዎቹ ሁሉ አንድ ዐይነት ቁሳቁስ እያከፋፈለ በገዛ ብልሃታቸው መሣሪያ ሠርተው እንዲወዳደሩ በማድረግ የታወቀ ሰው ነበር፤ የዛሬውም ውድድር ከዚያ አስተማማር የተወለደ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። የጨዋታው ዐይነት በየዓመቱ ይለወጣል፤ በጥር ወር እስኪገለጥም ድረስ ማንም አያውቀውም። ሦስት ሮቦቶች በአንድ ወገን፤ ሦስት በሌላ ወገን ተሰልፈው ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይጫወታሉ፤ ኳስ ከየወለሉ ለቅሞ ግብ ውስጥ ማግባትም ከብዙዎቹ ጨዋታዎች የማይጠፋ ነገር ነው። ድርጅቱ በዚሁ ትምህርት ቤት ሳይወሰን እስራኤልን ወደ መሰሉ አገሮች ተስፋፍቷል፤ በ2017ም ከየአገሩ አንዳንድ ቡድን የሚጠራ ሌላ ውድድር በዋሺንግተን ተከፍቶ ከ150 የሚበልጡ አገሮች ልጆች ሰማያዊና ብርቱካናማ ኳሶችን እየለዩ ተጫውተዋል። በአሜሪካና በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶችም ብዙዎቹ በዚህ ሥራ ውስጥ ስላሉ ነገሩ ከእኛም ቤት የራቀ አይደለም።

ስለ ምርጫው በደፈናው ከመናገር አንድ ጨዋታ ይዘን ብንመረምር ይሻላል። በ2022 የተደረገውና ራፒድ ሪአክት የተባለው ጨዋታ ለዚህ የተመቸ ነው። በሜዳው መካከል አንድ ግንብ መሳይ ነገር ይቆማል፤ ሁለት ግቦችም አሉት፤ የታችኛው አፍ ከመሬት 1 ሜትር ከ4 ሳንቲ ሜትር ያህል፤ የላይኛው 2 ሜትር ከ64 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ኳሱ በመልኩ የቴኒስ ኳስ የሚመስል፤ ነገር ግን 24 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውና 270 ግራም ያህል የሚመዝን ነው። አንድ ሮቦት በአንድ ጊዜ ከሁለት ኳስ በላይ መያዝ አይፈቀድለትም። በመጀመሪያው 15 ሴኮንድ ሮቦቱ ያለ ነጂ በተጻፈለት ትእዛዝ ብቻ ይሠራል፤ በቀረው 2 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ተማሪዎቹ ይነዱታል። በነጂ ሲሠራ በታችኛው ግብ የገባ ኳስ 1 ነጥብ፤ በላይኛው የገባ 2 ነጥብ ያስገኛል፤ ያለ ነጂ ሲሆን ግን 2ና 4 ይሆናል። በመጨረሻም ሮቦቱ በብረት አግዳሚዎች ላይ ቢንጠለጠል እንደ አግዳሚው ከፍታ 4፤ 6፤ 10 ወይም 15 ነጥብ ይቀበላል።

እንግዲህ 2 ከ1 እንደሚበልጥ የታወቀ ስለ ሆነ ብዙ ሰዎች ምርጫው እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ሒሳቡን ገና አልጀመርነውም። ኳስን ከታችኛው ግብ ለማግባት ሮቦቱ ወደ ግንቡ ይጠጋል፤ ኳሱን የለቀመበትን ተንከባላይ ወይም ከእርሱ በላይ ያለውን አንድ ሌላ ተንከባላይ ያዞራል፤ ኳሱም ይገባል። ማነጣጠር የለም፤ ፍጥነትን መለካት የለም፤ የሚስተውም እጅግ ጥቂት ነው። ከላይኛው ግብ ለማግባት ግን ቆሞ ማነጣጠር፤ መንኰራኵሩ ፍጥነቱን እስኪያገኝ መጠበቅ ያስፈልጋል። በታችኛው ግብ የሚሠራው ሮቦት ስድስት ጊዜ ተመላልሶ 12 ኳስ ቢያገባ 12 ነጥብ ያገኛል እንበል። በላይኛው የሚሠራው በማነጣጠር ጊዜ ስለሚያባክን አምስት ጊዜ ብቻ ተመላለሰ፤ 10 ኳስም ወረወረ እንበል። ይህ ሮቦት ከዐሥሩ ስድስቱን ካላገባ በቀር ከዚያኛው ጋራ እኩል አይሆንም። እኩል ለመሆን ብቻ ከመቶ ስድሳ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ተማሪዎች በወረቀት ላይ ሲያስቡ ሁልጊዜ ከመቶ መቶ የሚያገባ መሣሪያ ይታያቸዋል፤ ወረቀት ላይ ደግሞ የሚስት ኳስ ኖሮ አያውቅም።

ከዚህም በቀር በዚያ ዓመት ሕግ ውስጥ ብዙዎች አንብበው ያለፉት አንድ ነገር ነበረ። አንድ ወገን በጨዋታው 20 ኳስ ቢያገባ፤ በመጀመሪያው 15 ሴኮንድ አምስት ኳስ አግብቶ እንደ ሆነም 18 ቢያገባ፤ ቢያሸንፍም ባያሸንፍም አንድ የደረጃ ነጥብ ይሰጠው ነበር። ማሸነፍ ራሱ የሚያስገኘው የደረጃ ነጥብ 2 ብቻ ስለ ነበረ ይህ ቀላል ስጦታ አይደለም። ለዚህ ቍጥር ደግሞ ኳሱ በላይኛው ገባ በታችኛው ልዩነት የለውም። ከላይ በተናገርነው ሒሳብ በታችኛው ግብ የሚሠራው ሮቦት ከሃያው ዐሥራ ሁለቱን ብቻውን ያመጣል፤ ያኛው ስድስት ያመጣል። በነጥብ እኩል የሆኑት ሁለቱ በዚህ ሲመዘኑ አንዱ የሌላው እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

አስፈንጣሪው መሣሪያ ለምን እንደሚስት ማወቅም ያስፈልጋል፤ ምክንያቱን ሳያውቁ የሚወቅሱት ሰዎች አሉና። ሮቦቱ ኳሱን ከአንድ ሜትር ከፍታ ላይ ቢለቀው፤ ግቡም በአግድም ሦስት ሜትር ቢርቅ፤ ኳሱ ከላይ ወደ ታች እንዲገባ እስከ 3 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መውረድ አለበት እንበል። ለዚህ በሴኮንድ 7 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ፍጥነት ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚሠራው አስፈንጣሪ አንድ መንኰራኵርና ከእርሱ ፊት ለፊት የቆመ የታጠፈ ሰሌዳ ያለው ነው፤ ኳሱ በሁለቱ መካከል ተጨምቆ በሰሌዳው ላይ እየተንከባለለ ስለሚወጣ የሚያገኘው ፍጥነት የመንኰራኵሩን ጠርዝ ፍጥነት ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መንኰራኵር በደቂቃ 2,750 ጊዜ ያህል መዞር አለበት። እስከዚህ ድረስ ሞቶሩ ይችላል። ነገር ግን የመጀመሪያው ኳስ ሲያልፍ ከመንኰራኵሩ ጉልበት ወስዶ ይሄዳልና መንኰራኵሩ ይዘገያል። ሁለተኛው ኳስ በተከታታይ ሲገባ ፍጥነቱ ከመቶ አምስት ብቻ ቢጐድል፤ የአየሩን መቃወም ትተን ብናሰላው፤ ኳሱ ከታሰበው ቦታ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል አጥሮ ይወርዳል። ከመቶ አምስት ለዐይን የማይታይ ጕድለት ነው፤ 45 ሳንቲ ሜትር ግን ኳሱ ከግቡ ጠርዝ ነጥሮ እንዲመለስ ይበቃል። ይህን ለማዳን መንኰራኵሩን ማክበድ ይቻላል፤ የከበደው ደግሞ ፍጥነቱን እስኪያገኝ ይዘገያል። ወይም ፍጥነቱን በየቅጽበቱ እየለካ ሞቶሩን የሚቈጣጠር ትእዛዝ መጻፍ ይቻላል፤ ለዚህም ትእዛዙን የሚጽፉ ልጆች የተሠራ ሮቦት በእጃቸው ሊኖር ይገባል። ሮቦቱ ግን ብዙ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቀው በመጨረሻው ሳምንት ነው። ከዚህ ላይ ግቡን የሚፈልግ ካሜራና አስፈንጣሪውን የሚያዞር ክብ ወንበር ሲጨመሩ አንዱ ችግር ሦስት ይሆናል።

ከመንኰራኵሩ ሌላ በሞላ ወይም በተጨመቀ አየር የሚወረውር፤ ወንጭፍ መሳይ ክንድ ያለው መሣሪያም አለ። ይህኛው ሁልጊዜ በአንድ ጉልበት ስለሚወረውር ኳሱ አንድ ቦታ ይወርዳል፤ ሆኖም ከአንድ ቦታ ብቻ ካልሆነ በቀር አያገባም፤ እንደገና ለመወጠርም ጊዜ ይወስዳል። ክንድ ዘርግቶ ኳሱን ከግቡ አፍ ማስቀመጥ ደግሞ በሌላ ዓመት ጨዋታ መልካም ዘዴ ነበር፤ በ2022 ግን ሕጉ የሮቦቱን ቁመት ይወስን ስለ ነበር ለላይኛው ግብ የማይሞከር ነው።

አሁን የዚህን ምርጫ ጕዳት በዐይኑ ያየ የአንድ ወዳጃችንን ነገር እናውሳ። ወዳጃችን በአሜሪካ ከሚኖሩ ወገኖቻችን አንዱ ነው፤ ሴት ልጁም በዚያ ዓመት በትምህርት ቤቷ ቡድን ውስጥ ነበረች። ቡድኑ በመጀመሪያው ቀን የሚዞር አስፈንጣሪ እንዲሠራ በእጅ ብልጫ ወሰነ። አንድ በሙያው የታወቀ መሐንዲስ፤ የአንደኛው ተማሪ አባት፤ ሊረዳቸው መጣ፤ መልካም ሰውም ነበር ይላል ወዳጃችን። ነገር ግን መሣሪያው ለልጆቹ ዕውቀት የከበደ ስለ ነበር ሥዕሉን እርሱ ሣለው፤ ክፍሎቹን እርሱ አሠራቸው፤ ሲገጣጠምም ልጆቹ መብራት ይዘው ቆሙለት። ልጅቱ ማታ ማታ ስትመለስ አባቷ ዛሬ ምን ሠራሽ ብሎ ይጠይቃታል፤ እርሷም አንድ ቀን ጠረጴዛ ጠረግን፤ ሌላ ቀን የቡድኑን ሰሌዳ ቀለም ቀባን ትለው ነበር። በውድድሩ ቀን፤ በሁለተኛው ጨዋታ፤ ክብ ወንበሩን የሚያዞረው ካቴና ወለቀ። መሐንዲሱ በዚያ ቀን ሥራ ነበረበትና አልተገኘም። ለሚቀጥለው ጨዋታ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ነበራቸው፤ ልጆቹም መፍቻ ይዘው ሮቦቱን ከበው ቆሙ፤ የትኛው ብሎን አስቀድሞ እንደሚፈታ የሚያውቅ ግን ከመካከላቸው አልተገኘም። እንደዚሁ ሳይሠሩለት ሜዳ ገባ፤ የቀሩትንም ጨዋታዎች ኳስ እየለቀመ ምንም ሳያገባ ጨረሰ።

ወዳጃችን ይህን ሲነግረን መሸነፋቸው አላስቈጨውም፤ ልጆች ይሸነፋሉ ያሸንፋሉ። ያስቈጨው የልጁ ሦስት ወር ነው። እኛም ይህን ሰምተን የተረዳነው ምርጫው የነጥብ ጕዳይ ብቻ አለመሆኑን ነው። ለልጆቹ የከበደ መሣሪያ በተመረጠ ጊዜ ሥራው ከልጆቹ እጅ ወጥቶ ወደ ታላላቆቹ እጅ ይሄዳል፤ ይህም የሚሆነው ማንም ክፉ ሳያስብ፤ ከመልካም ልብ የተነሣ ነው። ቀኑ ሲቀርብ፤ ልጅ የሚገጥመው ኩሽኔታ ሲጣመም፤ አባት እስቲ ልሞክረው ይላል፤ ከዚያ በኋላ ካቻቢቴው ወደ ልጁ እጅ አይመለስም።

ከእኛ የሚለዩ ሰዎች የሚያነሡትን ክርክር ሳንመልስ ብናልፍ አግባብ አይሆንም። የላይኛውን ግብ የሚመርጥ ቡድን ብዙ ይማራል ይላሉ፤ ይህ እውነት ነው። ከላይ የዘረዘርነው የፍጥነትና የከፍታ ሒሳብ ራሱ በክፍል ውስጥ ከሚሰጠው ትምህርት ይበልጥ በልብ የሚቀር ነው። በሂዩስተን በተደረገው የ2022 የመጨረሻ ውድድር ያሸነፉትም በላይኛው ግብ የሚጫወቱ ነበሩ፤ ይህንም አንክድም። እንዲያውም ከዐሥሩ ዘጠኙን የሚያገባ መሣሪያ መሥራት ለሚችል ቡድን ምርጫው ግልጽ ነው፤ በአምስት ምልልስ 18 ነጥብ ያገኛልና ከታችኛው በ6 ይበልጣል። ነገር ግን እዚህም ላይ ሒሳቡ አላለቀም። በዚያ ዓመት ከፍተኛው አግዳሚ ላይ መንጠልጠል ብቻውን 15 ነጥብ ነበረ። ጊዜውንና ክብደቱን ሁሉ በአስፈንጣሪው ላይ ያዋለ፤ በመንጠልጠያውም ሁለተኛው አግዳሚ ላይ የቀረ ቡድን 18ና 6፤ በድምሩ 24 ያገኛል። ኳሱን በታችኛው ግብ እያፈሰሰ የተረፈውን ጊዜ በመንጠልጠያው ላይ አውሎ ከፍተኛውን አግዳሚ የያዘ ቡድን 12ና 15፤ በድምሩ 27 ያገኛል። ሮቦቱ ከባትሪውና ከመከላከያው በቀር ከ125 ፓውንድ፤ ማለት ከ56 ኪሎ ከ700 ግራም እንዳይበልጥ በሕግ ተወስኖበት ስለ ነበር፤ ለአንዱ የተጨመረ ብረት ከሌላው የተቀነሰ ነበረ።

የቀድሞዎቹ ዓመታትም ይህንኑ ይመሰክራሉ። በ2017 ስቲምዎርክስ በተባለው ጨዋታ ትናንሽ ኳሶች በብዙ መቶ እየሆኑ ሜዳውን ሞልተውት ስለ ነበር አስፈንጣሪ ለመሥራት ያልጐመጀ ቡድን ጥቂት ነው። ሆኖም በነጂ ሲሠራ ከፍ ካለው ግብ የገቡ ሦስት ኳሶች የሚያስገኙት 1 ነጥብ ነበር፤ ዝቅ ካለው ደግሞ ዘጠኝ ኳስ ለ1 ነጥብ። በአንጻሩ ጥርሳም መዘውሮችን እያመላለሱ የአየር መርከቡን አንድ ተሽከርካሪ ክንፍ ማስነሣት 40 ነጥብ፤ በመጨረሻም በገመድ መውጣት 50 ነጥብ ያስገኝ ነበር። አንዱን ክንፍ በኳስ ለመተካት 120 ኳስ ሳይስቱ ማግባት ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። መዘውሩን ለመያዝ ግን በአንዳንድ ቡድኖች ሮቦት ላይ የነበረው ሞቶር እንኳ የሌለው፤ ከሰሌዳ የተሠራ አንድ ጠባብ ኪስ ብቻ ነበር። እንደዚሁም በ2014 ኤሪያል አሲስት በተባለው ጨዋታ 61 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ትልቅ ኳስ ከፍ ካለው ግብ ሲገባ 10 ነጥብ ይሰጥ ነበር፤ ኳሱ አስቀድሞ በአንድ ወገን ሦስት ሮቦቶች እጅ ሁሉ ካለፈ ግን ሌላ 30 ነጥብ ይጨመርበት ነበር። ስለዚህ ኳሱን ተቀብሎ ለጓደኛው ከማንከባለል በቀር ሌላ የማያውቅ ሮቦት ለወገኑ የሚያመጣው ጥቅም ከወርዋሪው የሚያንስ አልነበረም። እኛ እስከ ዛሬ የሚገርመን፤ የነጥቡ ሠንጠረዥ በመጀመሪያው ቀን ለሁሉ ተሰጥቶ ሳለ፤ ብዙዎች ወደ ሠንጠረዡ የሚመለሱት በውድድሩ ሜዳ ከተሸነፉ በኋላ መሆኑ ነው።

ታዲያ እንዴት ይመረጥ? በእኛ አስተያየት በመጀመሪያው ሳምንት ብረት የሚቈረጥበት ምክንያት የለም። ልጆቹ የሜዳውን ልክ በወለል ላይ በኖራ ይሥሩት፤ ከመካከላቸው ስድስቱ እንደ ሮቦት ሆነው ኳስ እየያዙ ይመላለሱ፤ አንዱ ሰዓት ይያዝ። በሁለት ደቂቃ ከሩብ ስንት ጊዜ መመላለስ እንደሚቻል፤ ሌላው ወገን ሲከለክል ደግሞ ስንት እንደሚጐድል በአንድ ከሰዓት በኋላ ያውቁታል። ከዚያም የጨዋታውን ኳስ ራሱን፤ የሚመስለውን ሳይሆን ራሱን፤ ይግዙ፤ ኳስ በተነፋበት ልክና በአረጀበት መጠን ጠባዩ ይለወጣልና አዲሱንም ያረጀውንም ይያዙ። ከኮምፔንሳቶና ከእጅ መብሻ ሞቶር አንድ ሻካራ አስፈንጣሪ በሁለት ቀን ይሠራል፤ በእርሱ ላይ ሃያ ኳስ እያስገቡ የገባውንና የሳተውን ይቍጠሩ። ይህ ሻካራ ነገር በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ቆሞ በጸጥታ ሲወረውር እንኳ ከመቶ ስድሳ ካላገባ፤ በሜዳ ላይ እየተገፋ የተሻለ ያገባል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይገባም፤ ያን ቀን ይተውት። ቀኑ አስቀድሞ በጽሕፈት ተወስኖ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ያለዚያ ልብ ሁልጊዜ አንድ ሳምንት ጨምሩልኝ ይላል። እስከ 2019 ድረስ ሮቦቱ በስድስት ሳምንት ተሠርቶ በከረጢት ይታሸግ ስለ ነበር ይህን ውሳኔ ሕጉ ራሱ ያስገድድ ነበር፤ ከ2020 ጀምሮ ገደቡ ስለ ተነሣ ቡድኖቹ ለራሳቸው ገደብ ማበጀት አለባቸው።

ከሁሉም አስቀድሞ መልቀሚያው ይሠራ። ስለ ማግቢያው ሌሊቱን ሙሉ የተከራከሩ፤ ኳስ ከወለል ማንሣት የማይችል ሮቦት ይዘው የመጡ ቡድኖች ጥቂት አይደሉም። መልቀሚያው ኳሱን ሲነካ የሚይዝ፤ ከግድግዳ ጋራ የተጠጋውንም ኳስ የሚያወጣ ከሆነ፤ በታችኛው ግብ ለማግባት የሚቀረው ሥራ እጅግ ጥቂት ነው። በውድድሩ ቀን ከፍተኛ ደረጃ ያገኙት ቡድኖች ለመጨረሻው ዙር ጓደኞቻቸውን ሲመርጡም የሚፈልጉት በየጨዋታው ሳይበላሽ የተናገረውን የሚፈጽም ሮቦት ነው፤ በአንድ ጨዋታ ተአምር ሠርቶ በሦስቱ የሚቆመውን አይወስዱትም።

እያንዳንዱም ክፍል ሲወሰን አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፤ ይህ ነገር በሜዳው ዳር ቢሰበር ከእናንተ ማን ይጠግነዋል? ስም ያልተጠራለት ክፍል በሮቦቱ ላይ አይግባ። የተጠራውም ስም የተማሪ ስም ይሁን።

ቡድኑ ልምድ ያለው ከሆነ፤ ባለፈው ዓመት መንኰራኵር ሠርተው ፍጥነቱን መቈጣጠር የተማሩ ልጆች ካሉበት፤ የላይኛውን ግብ ይምረጥ፤ ማንም አይከልክለው። አዲስ ቡድን ግን አስፈንጣሪውን መማር ከፈለገ ውድድሩ ካለፈ በኋላ፤ ቀን በማያስቸኵልበት በዕረፍቱ ወራት፤ በዝግታ ይሥራው። በመካከለኛ ደረጃ ላሉትም የምንመክረው መንገድ አለ። ኳሱ ከመልቀሚያው ተነሥቶ የሚሄድበት ማሻገሪያ መጨረሻው ከታችኛው ግብ አፍ ጥቂት ከፍ ብሎ እንዲያልቅ አድርገው ይሥሩት፤ ሮቦቱም በመጀመሪያው ውድድር በዚሁ ያፍስስ። ከማሻገሪያው አፍ በላይ ግን ለአንድ መንኰራኵርና ለአንድ ሞቶር የሚበቃ ባዶ ቦታ ይተዉ፤ የብሎን ቀዳዳዎቹን አስቀድመው ይብሱ፤ ለሞቶሩም የሚሆን የኤሌክትሪክ ገመድ እስከዚያ ድረስ ስበው አስረው ያቆዩት፤ ክብደቱንም በሕግ ከተፈቀደው ልክ ላይ ቀንሰው ይያዙ። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ውድድር ባሉት ሳምንታት ከሃያ ኳስ ዐሥራ ሁለቱን በሥራ ክፍላቸው ካገቡ መንኰራኵሩን ይገጥሙታል፤ ካላገቡም በታችኛው ግብ እየተጫወቱ ይቀጥላሉ።